ቺንጋው መቼ ይቀየር?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025፣ በአንድ ብርዳማ ማለዳ፣ በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር አንድ የኡበር ሾፌር የ2012 ሞዴል ቶዮታ ካምሪውን አስነሣ። ከሞተሩ ክዳን ሥር ስለታም ሲጥታ ተሰማ፤ አሥር ሰኮንድ ያህል ቆይቶ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ መጋረጃ ገልጦ አየው። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ከመጣ 14 ዓመት የሆነው፣ ሌሊት የሚሠራ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። መኪናው ንብረቱ ብቻ ሳይሆን ደመወዙም ጭምር ስለሆነ ያ የአሥር ሰኮንድ ጩኸት ለእሱ ከመካኒክ ጉዳይ ይልቅ የበጀት ጉዳይ ነበር፦ አሁን ይቀየር ወይስ ይጠበቅ?

ጥያቄውን ያስነሣው ዕቃ ተራ የጎማ ቀበቶ ነው። እንግሊዝኛው ሰርፐንታይን ቤልት ይለዋል፤ በሞተሩ ፊት ባሉት ፑሊዎች ላይ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ ስለሚዞር ነው። የአዲስ አበባ ጋራዦች ደግሞ ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል ቺንጋ ይሉታል። (ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፦ ጣልያኖች ከወጡ ከሰማንያ ዓመት በኋላም የመካኒኩ መዝገበ ቃላት የእነሱው ነው።) ሥራው የክራንክ ሻፍቱን ዙር ለረዳት ዕቃዎች ማካፈል ነው፦ ባትሪውን ለሚሞላው ዳይናሞ፣ ለኤሲው ኮምፕሬሰር፣ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ለውሃ ፓምፑም ጭምር። ብዙ ሰው ከታይሚንግ ቤልት ጋር ያምታታዋል። ታይሚንግ ቤልት ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ስለሚጋጩ ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ያለ ክርክር ይቀየራል። የካምሪው ሞተር በታይሚንግ ቤልት ፈንታ ሰንሰለት ያለው በመሆኑ ያ ሥጋት የለበትም። የረዳቱ ቺንጋ ግን መዘዙ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ሾፌሩ የባትሪው መብራት እንደበራ መኪናውን ዳር ካስያዘ ጉዳቱ የአንድ ምሽት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ልንዳ ካለ ግን ውሃው መዞሩን ስላቆመ ሞተሩ ይግላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ምርጫውን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ኪሳራው በንቀት የሚታለፍ አይደለም፣ ሳይሰላ ለመቀየርም አያስገድድም።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ አብዛኛው ቺንጋ የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ ነበር። ኒዮፕሪን ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ መካኒኩ ባትሪ አብርቶ ስንጥቁን ይቆጥራል፣ ከበዛ ይቀይራል። ከዚያ በኋላ ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ቦታውን ወሰደ። ይህ ጎማ ሙቀትን የሚችል፣ እምብዛም የማይሰነጠቅ ነው። ከ50 እስከ 60 ሺሕ ማይል ይባል የነበረው ዕድሜ ወደ 100 ሺሕ ማይል ከፍ አለ። ነገር ግን አዲሱ ጎማ የሚያረጀው እንደ መኪና እግር ጎማ ቀስ በቀስ እየተበላ ነው። በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ቦይ ይሰፋል፣ ቀበቶው ወደ ፑሊው ጠልቆ ይቀመጣል፣ መንሸራተት ይጀምራል፤ ለዓይን ግን አዲስ ይመስላል። የተሻለው ዕቃ ዕድሜ ጨመረ፣ በምትኩ ማስጠንቀቂያውን ወሰደ። ከእንግዲህ መበላቱን የሚናገረው በቦዮቹ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ነው።

ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሳያውቅ መጀመሪያ ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ሄደ። የታተመ ዝርዝር ሰጡት፦ ቺንጋ፣ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር፣ መሪ ፑሊ፣ የራዲያተር ውሃ ለውጥ፣ የነዳጅ መስመር ጽዳት፤ ጠቅላላ ድምር 480 ዶላር። የነዳጅ መስመሩ ጽዳት ከጩኸቱ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ሲጠይቅ አጥጋቢ መልስ አላገኘም። ከዚያ የአገሩ ሰው ወደሆኑ አዛውንት መካኒክ ሄደ። እሳቸው ክዳኑን ከፍተው፣ ባትሪ አብርተው፣ ቀበቶውን በጣታቸው ጠምዘዝ አድርገው አዩና፣ "ስንጥቅ የለበትም። ገና ነው። ገንዘብህን አታባክን" አሉት። ካስፈለገውም ቺንጋውን ብቻ በ160 ዶላር እንደሚቀይሩለት ነገሩት።

አንደኛው ሁሉንም ቀይር አለ፣ ሁለተኛው ምንም አትቀይር። ሾፌሩ ያመነው ሁለተኛውን ነው፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ስም አውጥተውለታል፤ በአማርኛ "የእምነት ዕቃ" ልንለው እንችላለን። ገዢው ከገዛ በኋላም ቢሆን ያስፈልገው እንደነበር የማያውቀው አገልግሎት ማለት ነው፤ እነሱም ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ የመኪና ጥገና ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት ገበያ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ኪሳራ ገዢው ሳያስፈልገው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። በዚህ መኪና ላይ ግን ኪሳራው በሌላ በኩል መጣ። የትልቁ ጋራዥ ዝርዝር ውስጥ አንድ እውነተኛ ምክር ነበረ፤ ቴንሽነሩ በእርግጥም ደክሟል። ምክሩ ከአላስፈላጊ ነገሮች ጋር ተጠቅልሎ ስለቀረበ ግን ሾፌሩ ከጥቅሉ ጋር ወረወረው። የአዛውንቱም ምክር ቅን ነበረ፤ የተመሠረተው ግን በኒዮፕሪን ዘመን ሕግ ላይ ነው። በአንድ መኪና ላይ ማታለል የተቀላቀለበት እውቀትና እውቀት የጎደለው ቅንነት ተገናኙ።

ሾፌሩ ጠያቂ ሰው ነውና በጥቂት ዶላር የፕላስቲኩን መለኪያ ገዛ። መለኪያው በቦዩ ውስጥ ጠልቆ ከሸንተረሩ እኩል ሆነ፤ ቺንጋው ተበልቷል። በሚዞረው ቺንጋ ላይ ከርቀት ውሃ ረጭቶ ማዳመጥ እንዳለበትም ተማረ። ጩኸቱ ለጥቂት ሰኮንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ አልተስተካከሉም ማለት ነው፤ ከባሰ ግን ቀበቶው እየተንሸራተተ ነው። የእሱ ባሰ። መንሸራተቱ ከተበላው ቀበቶ ይሁን ከደከመው ቴንሽነር ውሃው አይለይም፤ እሱም ሁለተኛውን አላሰበም።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ መጣ። የመኪናው ሰነድ እንደሚለው ቺንጋው የተቀየረው ከ80 ሺሕ ማይል በፊት ነው። ዕድሜውን 100 ሺሕ ማይል እንበል። አሁን ቢቀየር የሚባክነው 160 ዶላር ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የሚባክነው ያልተጠቀመበት የመጨረሻው አምስተኛ ክፍል፣ ማለትም 32 ዶላር ብቻ ነው። ቀሪው 128 ዶላር ቀድሞ የተበላ ነው፤ ዛሬ ተከፈለ ነገ፣ ዕዳው አለ። በሌላ በኩል መንገድ ላይ ቢበጠስ መጎተቻ 150 ዶላር፣ የጠፉ ሁለት የሥራ ሌሊቶች እያንዳንዳቸው 180፣ ቺንጋው ራሱ 160፤ ድምሩ 670 ዶላር ይሆናል። በዕቅድ ከመቀየር በ510 ዶላር ይበልጣል። 32ን ለ510 ሲያካፍሉት ከመቶ 6 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በቀሪው ጊዜ የመበጠስ ዕድሉ ከመቶ 6 በላይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬውኑ ይቀይራል። ከአሥር መበጠስ አንዱ የ4,000 ዶላር የሞተር ጉዳት ያስከትላል ብለን ብንጨምር ደግሞ ድንበሩ ወደ 3.5 ከመቶ ይወርዳል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ የሒሳቡ አካሄድ ግን ግምት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 160ን ከ670 ጋር ሲያነጻጽር ነው።

ይህ ስሌት በምጣኔ ሀብት ታሪክ ውስጥ ታዋቂ ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ረስት በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት ባሳተመው ጥናት በዊስኮንሲን ግዛት የማዲሰን ከተማ አውቶቡሶች የጥገና ኃላፊ የነበረውን ሃሮልድ ዙርከርን አጠና። ዙርከር በየወሩ ለእያንዳንዱ አውቶቡስ አንድ ጥያቄ ይመልስ ነበር፦ ሞተሩ ይታደስ ወይስ አንድ ወር ይጠበቅ? ረስት ከኪሎ ሜትር መዝገቡና ከውሳኔዎቹ ተነሥቶ በሰውየው አእምሮ ውስጥ ያለውን የወጪ ሚዛን ወደ ኋላ አሰላ፤ ሥራው በ1992 የፍሪሽ ሜዳልያ አስገኝቶለታል። በሞዴሉ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ዙርከር የሚያየውና የሚሰማው፣ መዝገቡ ላይ ግን የሌለ መረጃ። ለተመራማሪው ስሕተት የሚመስለው ቁጥር ለመካኒኩ ጆሮ ነው። ኢፒዲኤም ከአዛውንቱ የወሰደው ይህንኑ ነው።

ዕቃን ዕድሜው ሲደርስ መቀየር ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነም መጨመር ይገባል። ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ መሐንዲሶች ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡት ሪፖርት ካጠኗቸው የአውሮፕላን ዕቃዎች ውስጥ በዕድሜ ገደብ ሊጠቀሙ የሚችሉት 11 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ የሚበላሹት በማርጀት ሳይሆን በአጋጣሚ ስለሆነ ቀድሞ መቀየሩ አይጠቅማቸውም። ጎማ ግን ያረጃል፤ ቺንጋው ከአናሳዎቹ ወገን ነው።

የሾፌሩ ታናሽ ወንድም በአዲስ አበባ ታክሲ ይነዳል፤ መኪናው በ1980ዎቹ የተሠራች፣ በከተማው ዲኤክስ እየተባለች የምትታወቀው ቶዮታ ኮሮላ ናት። በስልክ ስለ ሲጥታው ሲነገረው ሳቀ። "ጋሼ፣ አንተ ሲጮህ ትደነግጣለህ፤ እኔ ደግሞ ጩኸቱ ሲያቆም ነው የምደነግጠው" አለው። የእሱ መኪና ቺንጋ ቀጭንና በቪ ቅርጽ የተሠራ አሮጌው ዓይነት ሲሆን፣ ትርፍ አንድ ሁልጊዜ በኮፈኑ ውስጥ ይይዛል። ሲበጠስ ዳር ያስይዛል፣ ዳይናሞውን ያላላል፣ አዲሱን ያጠልቃል፣ ይወጥራል፣ ይሄዳል። (ለእንዲህ ያለው ቺንጋ በቸገረ ጊዜ የሴት ናይሎን ስቶኪንግ ቋጥሮ ጥቂት መንገድ መሄድ ይቻላል ይባላል። በዘመናዊው ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም።)

ታላቅየው ይህን እንደ ቸልተኝነት ቆጠረው። አልነበረም። በአሌክሳንድሪያ ውዱ ነገር የሰው ጉልበትና የጠፋ የሥራ ሰዓት ነው፤ ዕቃው ርካሽ ነው። ስለዚህ ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ አጠገቡ ያለውን ሁሉ መቀየር ያዋጣል። በአዲስ አበባ የዋጋው ሚዛን ተገልብጧል፤ ጉልበቱ ርካሽ፣ ዕቃው ውድ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሸጥ መለዋወጫም አብሮት ወጣ። በኮፈን ውስጥ ትርፍ መያዝ የመበጠሱን ዋጋ ወደ ግማሽ ሰዓት ያወርደዋል፤ ዋጋው እንዲህ ካነሰ ቺንጋውን እስከ መጨረሻዋ ክር መጠቀም ብልህነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ስሌቱን ሊቀይር ይችላል፤ እሱም የመኪናዋ ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ያቺን ዲኤክስ የሚተካ መኪና በራቀ ቁጥር ሞተሯን ከሙቀት መጠበቅ ይበልጥ ዋጋ እያገኘ ይሄዳል። ታናሽየው ይህን በቃል ባይተነትነውም፣ ዓይኑን ከቴምፐሬቸር መርፌው አይነቅልም።

በማርች መጀመሪያ ሾፌሩ መለኪያውም ሒሳቡም በእጁ ነበር፤ መልሱም ግልጽ ነበር። በዚያው ሳምንት እናታቸው ለዓይን ሕክምና ቀጠሮ ተሰጣቸው። 160 ዶላሩ ከሌላው ጋር ተደምሮ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከላይ የተጻፈው ስሌት እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ 32 ዶላር ያባክናል እንጂ 160 ዶላሩ በዚያ ሳምንት በኪስ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ በየዓመቱ በሚያደርገው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት አንድ ድንገተኛ የ400 ዶላር ወጪ ቢመጣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእኩያው እንሸፍናለን ያሉት እ.ኤ.አ. በ2023 63 ከመቶ ነበሩ። ቀሪዎቹ ስለ ጥገና የሚሰጣቸው ምክር ሁሉ ከእነሱ ጋር ሳይሆን ከሌላ ሰው ጋር የሚነጋገር ነው። ወርኃዊ የሐዋላ ግዴታ ያለበት ሰው ገቢው ከእነሱ ቢሻልም ልማዱ እንደ እነሱ ነው፤ ድንገተኛው ወጪ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

በኤፕሪል ገንዘቡ ተገኘና አዛውንቱ ቺንጋውን ቀየሩለት። "ቴንሽነሩንስ?" ብለው ጠይቀውት ነበር፤ ሞተሩ ስለተከፈተ 90 ዶላር ብቻ ነበር የሚጨምረው። ትልቁ ጋራዥ የሰጠው ዝርዝር ትዝ አለውና፣ "እሱ ይቆይ" አለ። ጩኸቱ ጠፋ።

በጁን አጋማሽ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስት ተሳፋሪዎችን ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ ሲመጣ ከሞተሩ የመፈጨት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የባትሪው መብራት በራ። በዚህ ሞዴል መሪው በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ወዲያው አልከበደውም፤ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ መንዳት ይቻል ነበር። መርፌው ግን መውጣት ጀምሯል። ወንድሙ ስለ መርፌ ያወራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለው። ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪዎቹ ሌላ መኪና ጠርተው ሄዱ። መጎተቻው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀ፤ በአዲስ አበባ ንጋት ስለነበር ወደ ታናሹ ደወለ።

"ቺንጋው ተበጠሰ?" አለ ታናሽየው።

"ቺንጋው አዲስ ነው። የሚወጥረው ነው የደረቀው።"

"እንግዲያው ትርፍ ብትይዝም አይረዳህም ነበር" አለ ታናሽየው፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላም፣ "ሞተሩ ግን አልጋለም አይደል ጋሼ?" ሲል ጠየቀ።

አልጋለም። የቴንሽነሩ ኩሽኔታ ደርቆ አዲሱን ቺንጋ ከጠርዙ ፍቆ ጥሎታል። መጎተቻው 140 ዶላር፣ ቺንጋና ቴንሽነር 250፣ ሁለት ሌሊት 360፤ በድምሩ 750 ዶላር። የፌብሩዋሪው ስሌት ጥያቄውን ስለ አንድ ዕቃ አድርጎ ማቅረቡ ነበር ጉድለቱ። ቺንጋ፣ ቴንሽነርና ፑሊ አብረው ይሠራሉ፣ በተቀራራቢ ጊዜም ይደክማሉ፤ ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ደግሞ አብረው መቀየር አለባቸው። ዙርከር ይህን ያለ ሞዴል ያውቅ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዙርከርና በዚህ ሾፌር መካከል ሌላም ልዩነት አለ። ዙርከር የሚያስተዳድረው ብዙ አውቶቡስ ነው፤ የአንዱ ብልሽት በሌሎቹ ገቢ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ዕድልን በአማካይ ማሰብ ይችላል። ባለ አንድ መኪና ሰው አማካይ የለውም።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር ግን ዕቁብ ነበረው፤ በሳምንት መቶ መቶ ዶላር የሚጥሉ 15 ሰዎች ያሉበት፣ አብዛኞቹም ሾፌሮች። ዕጣው የሚደርሰው በሴፕቴምበር ነበር። በዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ነገሩን ሰምቶ ተራውን ለቀቀለት። ወለድ አልተጠየቀም፣ ወረቀት አልተፈረመም። ይህን የመሰለ ተራ መለዋወጥ ከዕቁቡ ውጭ የትም አይመዘገብም፤ የእነዚህን ሰዎች የመቋቋም አቅም የሚለካ ሁሉ ግን ሊጠይቀው የሚገባው ጉዳይ ነው። አሥራ አምስት መኪኖች በአንድ ሳጥን ገንዘብ ሲተሳሰሩ፣ ባለቤቶቻቸው ብዙ ቢሆኑም፣ እንደ አንድ ትንሽ የአውቶቡስ ድርጅት መሆን ይጀምራሉ።

ሾፌሩ መኪናውን ሊረከብ ሲሄድ አዛውንቱ መካኒክ የተፋቀውን ቺንጋ በጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁት። አጠገቡ ከኤፕሪል ጀምሮ ያልጣሉት አሮጌው ነበር። ሁለቱን እያቀያየሩ በብርሃን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ቦዮቹን ዳሰሱ፣ ልዩነቱ አልታያቸውም።

"ያቺን ፕላስቲክ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከየት ነበር የገዛሃት?"